አስካለ ማርያም ያልተጠየቀችው

ኅዳር 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

አስካለ ማርያም እምቢ አላለችም። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

ይኸው ጻፍኩት። አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ ደብተር እንኳ ደብቄው…

ዛሬ እንደ ሌላው ቀን ነው። ውርጭ ነበር። ከግሼ ወደ ሆስፒታላችን ለመጡ አንድ ሽማግሌ ደም ያስፈልጋቸዋል ተባለ። የፈቃድ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው። «ልጄ፣ አሻራዬን ነው የምትፈልገው ወይስ ዳዊት ልታስደግመኝ ነው?» አሉኝ። ለፈረንጁ ሐኪም ስተረጉምለት ሳቀ። «አባይነህ ጠንቃቃ ነው» አለ።

ጠንቃቃ! እሱ ምን ያውቃል።

ኅዳር 10

ሙሉውን ልጻፈው።

ሚስቴ አስካለ ጽንስ ጨንግፎባት ደሟ አልቆም አለ። የኔ ደም አልተስማማትም። ጨርቅ ነጋዴው ጀላሉ ለራሱ ሕመም መጥቶ ነበር፤ ተመረመረ፣ ደሙ ለብዙ ሰው የሚሆን ነው ተባለ። እጅጌውን ሰብስቦ ቁጭ አለ። ሐኪሙ፣ «ነፍሷን ታውቃለች። የምትመልሰው እሷ ናት፣ አንተ አይደለህም። ቃል በቃል ጠይቃት» አለኝ። አስተርጓሚው ያው እኔው ነበርኩ።

ጎንበስ አልኩ። «ምን አለ?» አለችኝ።

«ተኚ፣ ደህና ትሆኛለሽ ነው የሚለው።»

ቀና ብዬ ለሐኪሙ፣ «አልፈልግም ትላለች» አልኩት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች።

ለምን? የእስላም ደም ገባባት እንዳይሉኝ። እግዜርን ፈርቼ ቢሆን ደግ ነበር። የፈራሁት የሰንበቴ ማኅበርተኞቼን ነው። ከሱ እጅ ጽዋ አንቀበልም እንዳይሉ… ለዚች ነው።

ኅዳር 13

ሰንበቴ ነበር። ጽዋው ዞሮ ደረሰኝ። ጠጣሁ።

ኅዳር 16

የነፍስ አባቴ አባ ገብረ ክርስቶስ መንገድ ላይ አገኙኝ። ዓምና ተናዝዤላቸዋለሁ። ያን ጊዜ፣ «የሌላ ሃይማኖት ሰው ደም ያረክሳል ወይ?» ብላቸው፣ «እንዲህ የሚል አላነበብኩም። ሳትሞት ለምን አልጠየቅኸኝም?» ነው ያሉኝ። ስግደት ሰጡኝ፤ ጨረስኩ። ለእናቷ ንገር አሉኝ። ይህን ግን…

«ነገርካቸው?» አሉኝ ዛሬም።

«ለገና፣ አባቴ።»

«የትኛው ገና?» ብለው በቅሏቸውን ነዱ።

እንዴት ልንገራቸው? አማቴ እሜቴ ጥሩሸዋ የቆሙት በዚያች ቃል ነው። «ልጄ ደሙን እምቢ ብላ፣ በሃይማኖቷ ጸንታ ሞተች» ይላሉ በየለቅሶው። ቃሏን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ቀብሯ ላይ።

ኅዳር 21

ኮከቤን በቃሬዛ አመጧት። መጻፍ አልቻልኩም።

ኅዳር 22

ኮከቤ የአስካለ ታናሽ ናት። ከትናንት በስቲያ ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። ከሚኖሩበት ከቀየት አራት ሰው ተሸክሟት መጣ። የተጠቀለለችበት የሱፍ ባና በደም ርሷል። ባሏ ሐረር ወታደር ነው። እሜቴ ጥሩሸዋ ሕፃኑን ታቅፈው ከኋላ ይከተላሉ።

ሐኪሙ ደም ካልተሰጣት አትውልም አለ። ተሸካሚዎቹም እናቷም ተመረመሩ፣ እኔም፤ አልገጠመም። ጀላሉ ጋ ሰው ተላከ። «ዘንድሮ ከጨርቄ ይልቅ ደሜ ገበያ አገኘ!» እያለ ገባ። እኔን ሲያይ ቀልዱን ትቶ ጥግ ተቀመጠ።

ወረቀቱን አነበብኩላት። የማን ደም እንደሆነም ነገርኳት።

«አይሆንም፣ ጋሼ» አለች። «እህቴ እምቢ ብላ… እኔ ከሷ በልጬ ነው?»

«ጎሽ ልጄ» አሉ እናቷ። ያለቅሳሉ። ጎሽ ይላሉ፣ ያለቅሳሉ።

«ምን አለች?» ይለኛል ሐኪሙ።

ደጅ ወጣሁ። እሺ ብላለች ልበለው? ድክም ብላለች፤ ጣቷን ይዤ ቀለሙ ላይ ባሳርፈው ማን ያውቃል? ትድናለች። ያኔ በአስካለ አፍ እምቢ አልኩ፤ አሁን ደግሞ በኮከቤ አፍ እሺ ልበል? ሰው ሁሉ አፍ የለውም እንዴ፣ ከኔ በቀር?

ጌታ ሆይ አልኩ። ከዚህ በላይ ጸሎት አልመጣልኝም።

ተመልሼ አልጋው ሥር ተንበረከክሁ። «ኮከቤ፣ እህትሽ እምቢ አላለችም። አልጠየቅኳትም። ለሐኪሙም፣ ለእናትሽም፣ ለጀላሉም ዋሽቼ ነው።»

ጀላሉ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ብትጠየቅ… ምን ትል ነበር?» አለችኝ ኮከቤ።

«አላውቅም። የቀማኋት እሱን ነው።»

ዓይኗን ጨፈነች። አለቀ አልኩ በሆዴ። ቆይታ «ልጄን አሳዩኝ» አለች። አየችው። «እንደገና አንብብልኝ፣ ጋሼ።»

አነበብኩ። አውራ ጣቷን ራሷ ዘረጋች። እኔ የያዝኩላት ቀለሙን ብቻ ነው።

ጀላሉም ሳያየኝ እጁን ሰጠ።

እሜቴ ጥሩሸዋ አልተሳደቡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «አራት ዓመት ሙሉ አላለቀስኩላትም እኮ፣ ኮርቼ» አሉ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጠው ለአስካለ እንደ አዲስ ሙሾ ጀመሩ።

ኅዳር 27

ኮከቤ ትናንት ጥቂት አጥሚት ቀመሰች። ፊቷ ገና አመድ ነው። ሐኪሙ ትተርፍ ይሆናል ይላል፤ ይሆናል ነው ያለው። እናቷ እኔ ስገባ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይስባሉ።

ዛሬ ሰንበቴ ነበር። ጽዋው ደረሰኝ። ከመጠጣቴ በፊት ተነሥቼ ለማኅበርተኛው ሁሉ ተናገርኩ፤ የአስካለንም፣ የጀላሉንም፣ እነሱን መፍራቴንም። ጠጥቼ አጠገቤ ላለው ዘረጋሁለት። ተቀበለኝ። ይጠጣ አይጠጣ ዞሬ አላየሁም።