በማዳም ደብተር ላይ የጻፍኩት «በርቺ»

እሑድ

ጉድ አፈላሁ! ልብስ ልተኩስ ስገባ የማዳም የእንግሊዝኛ ደብተር ተከፍቶ አገኘሁት። ረቡዕ ዑለያ ሰፈር የሥራ ቅጥር ፈተና አለባት። ዐይኔ አላስችለው አለ። «ጃፓኒዝ» ከሚለው ፊት «ዘ» ጨመርኩ። ቀጠልኩ፣ አሥሩንም አረምኩ። ከታች 4/10፣ ከጎኑ «በርቺ»። በእስክሪብቶ! በአማርኛ! ስድስት ዓመት ኬሚሴ ያስተማረ እጅ መች አርፎ ይቀመጣል።

እዚህ ሳዑዲ የላኩኝ ሰዎች ፎርም ላይ ግን ትምህርቴ «አራተኛ ክፍል» ነው የሚለው።

ሰኞ

ቁርስ ላይ አየችኝ፤ የደብተሩን ነገር ግን አላነሳችም። ሩዙን ሁለቴ ጨው ጨመርኩበት። በልቤ ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ፤ ወደ ኤጀንሲው ከመለሰችኝ አለቀልኝ። ትኩሳት ሲይዘኝ ራሷ ሹመይሲ ሆስፒታል ወስዳ እስክታከም የጠበቀችኝ ሴት ናት። እሷን መዋሸቴ ያንገበግበኛል።

ማክሰኞ

ደብተሩን ይዛ ወጥ ቤት መጣች። «ይሄ የሐበሻ ጽሕፈት የማነው?»

ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ አስተማሪ እንደነበርኩ፣ ደላላው «ተምሬያለሁ ካልሽ ማንም አይወስድሽም» እንዳለኝ።

«ዋሽተሽኛል» አለች።

«አዎ ማዳም። ይቅር ይበሉኝ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ኸላስ፣ በቃ፤ እሱን ከፈተናው በኋላ እንነጋገርበታለን። ያላ፣ በይ አስረጂኝ። ጃፓኖች "ዘ" ሲያስፈልጋቸው እኛ ሳዑዲዎች ለምን ያለሱ እንሄዳለን?»

ሽንኩርቱን ገፋ አድርጌ አስረዳኋት። ጃፓኒዝ፣ ፍሬንች፣ ብሪቲሽ መጨረሻቸው ላይ የብዙ ቁጥር «ኤስ» አይቀበሉም፤ ስለ ሕዝቡ ሲወራ «ዘ» ይቀድማቸዋል። ሳዑዲስ፣ ኢትዮፒያንስ ግን «ኤስ» ስላላቸው ያለ «ዘ»ም ያስኬዳል።

«እኔና አንቺ አንድ ወገን ነን በይኛ!» ብላ ሳቀች። ወይ ማዳም! እንዴት እንደምወዳት። አሥር ዓረፍተ ነገር አሠራኋት፣ ዘጠኙን አገኘች። ሥጋው አረረ፤ ሁለታችንም ግድ አልሰጠንም።

ረቡዕ

ጠዋት ሄደች። የእሷ ፈተና አንድ ነው፤ እኔን ያስጨነቀኝ ያ «ከፈተናው በኋላ» ያለችው ነው። ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ጠረግኩ።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ውጤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ «ያስተማርሽኝ መጥቷል» አለች። ዓባያዋን እንኳን ሳታወልቅ ቀጠለች፦ «አሁን እንነጋገር።»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ።

«ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ። ለእህቴ ነግሬያታለሁ፣ እሷም መማር ትፈልጋለች። የትኛው ቀን ይመችሻል፣ ቲቸር?»

ቲቸር! ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ቀኑን ነገ እነግራታለሁ።