አስራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ወገቡን ሳሰፋ ዋልኩ። ለክታ ከሄደች ወዲህ ወፍራለች። ማታ ልጄ ደወለች። "እማዬ፣ ልወልድ አንድ ወር ቀረኝ... ትመጣላችሁ አይደል?" አባቷ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፣ "ሩቅ ነው በያት" አለ። አራት ዓመት ሙሉ መልሱ ይሄው ነው። ስትሄድ እንኳ አልሸኛትም። እውነት ሩቅ ሆኖበት ነው ወይስ ኩርፊያ?

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ትናንት ብቻዬን ትኬት ልቆርጥ ስነሳ፣ ሾፌሬ ኮቱን ደርቦ በር ላይ ቆሟል! (ባሌ የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ከወጣ ቆየ። ለእኔ ግን አሁንም ሾፌሬ ነው።) ትኬት ቆራጯ፣ "አስራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። በቀጥታ አስራ ሦስት ሰዓት፣ መሃል ላይ ካረፋችሁ ሃያ" አለችን።

"ሾፌሩ ሳያርፍ?"

"ይቀያየራሉ እኮ አባባ።"

"ቢሆንም... የሚያርፈውን ቁረጪልን።"

ፈርቷል! መምጣቱ ይበቃኛል።

ጥቅምት 30

ነገ እንበራለን። ለመውለጃዋ ገና ሳምንት አለ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ደረስን። ግን የመንገዱን ልጻፍ።

አውሮፕላኑ ሲነሳ እጄን ጨምቆ ሊሰብረኝ! መሃል ላይ አረፍን። ስልኬን ብከፍት የአማቻችን መልእክት... ምጥ ይዟታል። በቀጥታ ብንመጣ ኖሮ እንደርስላት ነበር። ሾፌሬ ወንበሩ ላይ ኩምትር አለ። "በእኔ ፍርሃት..." ተናድጃለሁ፤ ደግሞ አንጀቴን በላው። ዳቦ ገዝቼ ግማሹን ሰጠሁት። አልበላም።

ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። ራሷ ናት። "እማዬ፣ ወለድኩ... ሴት ናት።" እልል ልል ስል አፌን ያዝኩ። ስልኩን ለእሱ።

"አባዬ?"

"ወዬ ልጄ... ያኔ ያልሸኘሁሽ... አልቻልኩም ነበር።"

"አውቃለሁ አባዬ። ቶሎ ና በቃ።"

እንባው ዱብ ዱብ አለ። አጠገባችን የነበረች ሴትዮ ደንግጣ፣ "ምን ሆናችሁ?" አለች። "አያት ሆንን!" ስላት በየወንበሩ ያለው ሁሉ አጨበጨበልን።

ኅዳር 20

ቤቱን ተረክቧል። ሕፃኗን አቅፎ ከወጥ ቤት እስከ መግቢያው በር ይመላለሳል። መዞሪያው ላይ "ፌርማታ!" ይላል። ልጄ የሆዷን ስፌት ይዛ ትስቃለች። እኔን ማን ያሳቅፈኝ?

ታኅሣሥ 6

ሙሽሮቼ ደወሉ። የሠርጉ ወር ጥር እየደረሰ ነው፤ መመለስ አለብኝ። "አንተስ?" አልኩት። "እኔ... ሕፃኗ ጠና እስክትል ብቆይስ?" ፈቃድ ጠየቀኝ! ከተጋባን ጀምሮ ለብቻዬ አድሬ አላውቅም። ግን "ቆይ" አልኩት።

ታኅሣሥ 9

አውሮፕላን ውስጥ ነኝ። ሁሉም ሸኙኝ፣ ሕፃኗ ሳትቀር። መስኮት ዳር ተቀምጫለሁ። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ዘረጋሁ። ምሳ የሚጠይቀኝ የለም፣ ቀሚስ አስፊልኝ የሚለኝ የለም... ከታች ደመና ብቻ። ይሄን ለማንም አልናገርም፦ ቶሎ ባይደርስ ብዬ ተመኘሁ።