ከሆዴ የወሰድከው

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን

ለጩጬው ወንድሜ፤

ሰላምታውን አሳጥሬ ጤናህን ከልቤ እመኛለሁ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ አልወጣም ብሏታል። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ተናድጃለሁ፤ የተናደድኩትም ባንተ ነው።

ባለፈው ሳምንት ፋርማሲስቷ ደንበኛዬ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ፣ "ይሄ ወንድምሽ አይደል እንዴ?" ብላ ስልኳ ላይ ያለ ቪዲዮ ዘረጋችልኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆመህ ታስረዳለህ። የለበስከው እኔ የሰፋሁልህን ግራጫ ኮት ነው። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ወዲያው ከኋላህ ግድግዳው ላይ አንድ ሆድ መጣ፤ እምብርቱ አጠገብ፣ ተለማማጅ ሳለሁ ያቃጠለኝ የካውያ ጠባሳ አለበት። እኔው ነኝ! ለምርምርህ ከሆዴ ስብ ልትወስድ መርፌህን ይዘህ ስትለምነኝ፣ "ፎቶውን ማንም አያየውም፤ ውጤቱን ደግሞ ከሰው ሁሉ በፊት አንቺ ትሰሚያለሽ" ብለኸኝ አልነበር?

ንግግርህን ፋርማሲስቷ ተረጎመችልኝ። የስብ ህዋሶች ከምንበላው ፕሮቲን የሚገኙትን አሚኖ አሲዶች አቃጥለው ይጠቀሙባቸዋል አልክ። "የዚህች ሴት ህዋሶች ግን ይህን ሥራ በቅጡ አይሠሩም። ጥቂት በልታም የምትወፍርበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ ሆዳም ሆና አይደለም" አልክ። ሰዉ አጨበጨበልህ። እኔ ስፒሎቼን በከንፈሬ እንደያዝኩ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩትን ቃል ለባዳ ተናገርከው።

እሱንም በቻልኩት ነበር። ግን የቪዲዮውን ቀን ሳየው፣ ያን ንግግር ያደረግከው ባለፈው ለእረፍት ከመምጣትህ በፊት ነው! እማዬ ሳህኑን ከፊቴ አንስታ "ይቺ ልጅ ተደብቃ ባትበላ እንዲህ አትሆንም ነበር" ስትል፣ አንተ ሁሉን እያወቅክ ምን አልክ? "እታለም፣ ትንሽ ቀነስ አድርጊ እንጂ" ብለህ ሳቅክ። እኔም አፍሬ አብሬህ ሳቅኩ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። የናቴስ ባለማወቅ ነው፤ አንተ ግን ከዳኸኝ።

አሁን ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ "ሌላ ናሙና ያስፈልገኛል" ብለህ ትጽፍልኛለህ። እኔ ለእማዬ ብነግራት "ደግሞ ለሆድሽ ጠበቃ አቆምሽለት?" ነው የምትለኝ። አንተን ግን ታምንሃለች። እሁድ ምሳ ላይ ደውል። ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ገበታው መሃል አስቀምጠዋለሁ፤ አዳራሽ ውስጥ ያልከውን አንድም ሳታስቀር ንገራት። የሳቅክበትንም ጭምር። እስከዚያ መርፌህ አጠገቤ ድርሽ እንዳይል።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ። ኮቱ ትከሻህ ላይ ሰፍቶህ አየሁት፤ ከስተሃል። ደህና አድርገህ ብላ እንጂ፤ አንተን ማን ሳህን ያነሳብሃል።

እህትህ እታለም