ወይዘሮ ሀጂራ ቆመው ይብረሩ ስለ መባሉ

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.። ወይዘሮ ሀጂራ መቆም አይችሉም።

ለተከበሩ የሽቅብ አየር መንገድ የወልድያ ቢሮ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ ጉልበትዎም ሕመም የማያውቀው ይሁን እያልኩ፣ የወይዘሮ ሀጂራ የመርሳ ጎረቤት አያሌው እጅ ነሥቼ እጽፋለሁ።

ወይዘሮ ሀጂራ ማንጎ ነጋዴ ናቸው። ከጋሪ ወድቀው ጉልበታቸው ተሰባብሯል። ለመጪው ማክሰኞ አዲስ አበባ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ይዞላቸው የላካቸው ሐኪም፣ በመኪና ከተንገላቱ እግራቸውን ሊያጡት ስለሚችሉ በአውሮፕላን ይሂዱ ብሏል። ድርጅትዎ ደግሞ፣ እግዜር ይስጠውና፣ ወንበሩን ነቅሎ መንገደኛውን እንደ ማሽላ አገዳ አስደግፎ ማብረር ጀምሯል። ከምስጋና ጋር የማቀርበው ቅሬታ ይህ ነው፦

1. አንድ ወንበር ብቻ ብንለምን፣ ሠራተኛዎ ኤደን «ጋሼ፣ መደገፊያው ማሰሪያ ቀበቶ አለው እኮ፤ እሳቸው ይደገፉ!» አለችን። ሐኪሙ ይህን መድኃኒት ባለማወቁ ነው ለካ ቢላዋ ያነሣው።

2. መቆም አለመቻላቸው እንዲረጋገጥ፣ ራሳቸው ቢሮዎ ቀርበው እንዲታዩ አዘዋል። ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። እዚህ ድረስ በእግሩ የወጣ ሰው መቼም ወንበር አያሻውም። ጥበብዎን አደነቅን።

3. በእኛ ዘንድ መቆም ያቃተውን ሰው የመረዳጃ ቅሬያችን በቃሬዛ ይሸከመዋል፤ ከሸክም የቀረም ይቀጣል። ቅሬው መክሮ፣ ወይዘሮዋን እንደተሸከምን አውሮፕላንዎ ውስጥ እንድንገባ ወስኗል። ተሸካሚዎቹ ቆመን ስለምንበር ደንብዎ አይጣስም። ጣሪያውን ብቻ ትንሽ ከፍ ያስደርጉልን።

የሰውን እግር ከራሱ ከባለቤቱ አብልጠው ለሚያምኑት ለእርስዎ፣ የቅሬያችንን ትከሻዎች ሁሉ ወክዬ፣ በታላቅ ትሕትና፣

አያሌው፣ ከመርሳ

ሳይረሳ፦ ይህን የጻፍኩት እዚሁ ቢሮዎ ወረፋ ላይ ነው፤ እንደሚገምቱት ቆሜ። አሁን ጎረቤታችን ዓሪፍ ከደረጃው ሥር «አያሌው! አንድ ትከሻ ጎደለን፣ ውረድ እንጂ!» እያለ ይጮኻል። ወይዘሮ ሀጂራም «ቀስ በሉ! እኔ ማንጎ እንኳ እንዲህ አድርጌ አልጭንም!» ሲሉ ይሰማኛል። ተራዬ ሊደርስ ነበር፤ ትቼው ወረድኩ። ቃሬዛው በበርዎ ሲገባ፣ እንደ ወሎ ሰው ብድግ ብለው እንደሚቀበሉን አልጠራጠርም። ያን ጊዜ የተነሡበትን ወንበር እንወስደዋለን፤ ለአውሮፕላኑ ነው።