የሚሳሳት ሰው ጠፋ

ማክሰኞ፣ ጥር 16/1996 (እ.ኤ.አ.)፣ አስመራ

ዛሬስ በቃኝ! የመሥሪያ ቤታችንን የዕቃ ቤት መመዝገቢያ ፕሮግራም የሚመስል መለማመጃ ኮምፒውተሩ ላይ ለመሥራት አንድ ወር ሙሉ ዓይኔ እስኪጠፋ ደከምኩ። ሰልጣኞቹ እንደልባቸው እየተሳሳቱ እንዲማሩበት ነበር፤ ያልሆነ ቁልፍ ሲነኩ ጢጥ ይልና ስህተታቸውን ያሳያቸዋል። የሚሳሳት ግን የለም! ሁሉም ከሜዳ የመጡ ታጋዮች ናቸው፤ «ተጫኑ» ካላልኳቸው እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

«ለተብርሃን፣ ደስ ያለሽን ተጫኚ። የእውነት አይደለም፣ ምንም አይበላሽም» አልኳት።

ሳትወድ አንዱን ነካች። ጢጥ! እጇን መንጭቃ ብድግ አለች፤ ሌሎቹም አብረዋት ወደ ኋላ ሸሹ።

«ይቅርታ፣ ሓወይ፣ ወንድሜ» አለችኝ። «እኔ ፈንጂ አምካኝ ነበርኩ። እዚያ የተሳሳተ ሰው እንደገና አይሞክርም።»

ድምፁን አጠፋሁት። መሳሳትን ግን እንዴት አድርጌ ነው የማስተምራቸው?