የሚራመድ ሆስፒታል

ሰኞ፣ ቢቸና
«አምቡላንስ» ከ«አምቡላ» ነው የመጣው ይሉኛል የሚስቴ አባት፣ ጋሽ ይሁኔ። እንደ ጠጅ አምቡላ ሰውን ስለሚንጥ ነው አሉ! በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ከርመዋል፤ ቃል ሳይፈቱ አይውሉም። እኔ ደግሞ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ድሮ የፈረንሳይ ጦር ቁስለኛ የሚያክም፣ አብሮት የሚጓዝ «የሚራመድ ሆስፒታል» ነበረው፤ ውሎ አድሮ «ሆስፒታል» የሚለው ተጣለና «የሚራመድ» የሚለው ብቻ ቀረ አልኳቸው በስልክ።
«እንግዲያ እግር ያለው ሁሉ አምቡላንስ ነው በለኛ!» ብለው ሳቁ። ሚስቴ ብርቱካንም ከኋላ ስትስቅ ሰማኋት። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው ብለው ከሞጣ ወጣ ወዳለ ገጠር ወስደውብኛል። ደስ አላለኝም።

ማክሰኞ
ምጥ ያዛት። ቀኗ ገና ነበር። ዝናቡ የመንደሩን መንገድ ቆርጦታል አሉ። ስልኩ እምቢ አለ። ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪናም አጣሁ። አምላኬ፣ አደራህን።

ረቡዕ፣ ሞጣ
ሌሊት በተገኘ የጭነት መኪና ደርሼ ሆስፒታሉ በር ላይ ነኝ። ጠዋት ስልኩ ለቅጽበት ሠራ። «አይዞህ፣ በአምቡላንስ ይዘናት እየመጣን ነው!» አሉኝ ጋሽ ይሁኔ። ተመስገን! ነርሷ «መኪናችን ዋናው መንገድ ላይ ይጠብቃቸው?» ብትለኝ «አያስፈልግም፣ አምቡላንስ አግኝተዋል» አልኳት። መኪናው ለሌላ ወላድ ወደ ደብረ ወርቅ ሄደ።
እኩለ ቀን አለፈ። የሉም። ገደል ገቡ ይሆን? መቀመጥ አቃተኝ።

ከሰዓት
ጭቃ የለበሱ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ደረሱ። ቃሬዛው ላይ ብርቱካን፣ ከንፈሯ ነጥቷል።
«አምቡላንሱስ?» ብዬ ጮህኩ።
ጋሽ ይሁኔ እግራቸውን አሳዩኝ። «እንዳትደነግጥ ብዬ እኮ ነው። የሚራመድ ነው ያልከኝ አንተው አይደለህ?»
ሰሙን ይዤ ወርቁ አመለጠኝ። መኪናውን መመለሴን ስነግራቸው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። «በቅኔዬ ልጄን ገደልኳት» አሉ። እኔም ያው ነኝ። ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። ብትሞትብኝ ምን እሆናለሁ?

ሐሙስ
ሴት ልጅ። ደህና ናት። ብርቱካን ግን ብዙ ደም ፈሷታል፤ ዐይኗን አልገለጠችም። ከጋሽ ይሁኔ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ዋልን።

ዓርብ
ነቃች! ውሃ ጠየቀች። ሐኪሙ «ተነሥታ ከተራመደች ብዙ አትስጉ» አለን።
«ከተራመደች» የምትለዋን ሲሰሙ የጋሽ ይሁኔ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።
«በእመቤቴ፣ ዛሬ ቃል አይፍቱ» አልኳቸው።
ግራና ቀኝ ደገፍናት። አንድ እርምጃ። ቆመች፤ አመማት፤ አለቀሰች። ከዚያ ሌላ።