በአባትህ ድንጋይ ላይ የሚቀረጸው ስም

ለልጄ ለፊንባር፣

እዚያ ፐርዝ ድረስ እመቤታችን ጥላዋን ትዘርጋብህ። አባትህ ዶናል ካረፈ ወዲህ ቤቱ አልረጋልኝም፤ ተቀምጬ እነሳለሁ፣ ተነስቼ እቀመጣለሁ። ላሞቹ ደህና ናቸው።

ትናንት ድንጋይ ጠራቢው ባት ከከተማ መጣና፣ «ኖራ፣ ልጅሽ ከኢንተርኔት ያገኘውን የአያቱን ስም ልኮልኛል። ‹የወፍጮው ቤት የዳንኤል ሱሊቫን ልጅ› ብዬ እቀርጻለሁ» አለኝ።

«አብደሃል? ዶናል ተነስቶ መዶሻህን ይቀማሃል!»

«እኔ የከተማ ሰው ነኝ፤ ሱሊቫን ሁሉ አንድ ነው። ያዘዘኝ ልጅሽ ነው፤ እሱ ካልደወለ ሐሙስ እጀምራለሁ።»

ልጄ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የጥምቀት መዝገብ ሁለት ዳንኤል ሱሊቫን አሉ። ያገኘኸው የወፍጮውን ቤት ነው፤ አባትህ በአጥር ተጣልቶ እስኪሞት ያላናገራቸውን። እኛ የቀጥቃጩ ቤት ነን። ቄሱ አባትህን ሲመዘግቡ ከየትኛው ቤት እንደሆነ አልጻፉም፤ ያኔ የማያውቅ አልነበረማ። አሁን ግን የሚያውቁት ሁሉ አልፈው እኔ ብቻ ቀረሁ።

እባክህ ከሐሙስ በፊት ለባት ደውልለት። ከዚያ ለእኔ ደውልና ያገኘሃቸውን ስሞች ቀስ ብለህ አንብብልኝ፤ ማን የማን እንደሆነ አሁን፣ እኔ እያለሁ፣ ልንገርህ። አምላክ መንገድህን ያቅናልህ።

እናትህ ኖራ